የጥር አለባበሳችንን ለበልግ የሥራ ቀን እንዴት እናስተካክለው? በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ለምንመላለስ

ጥር ላይ የምወደው አንድ አለባበስ አለኝ። ጥቁር አረንጓዴ የሱፍ ካፖርት፣ ግራጫ አንገተ ረጅም ሹራብ፣ ጥቁር የሱፍ ሱሪ፣ ቡትስ ጫማ፣ ከዚያ ደግሞ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ወፍራም ሻርፕ። የደሴን የጥር ማለዳ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ አጥንት ይሰብራል። ይህን ለብሼ ስወጣ ግን ብርዱ አይነካኝም። ደግሞም ያምርብኛል።

መጋቢት ሲያልቅ ነገር ይለወጣል። በእኛ አቆጣጠር ፀደይ መጋቢት 26 ይገባል፤ ሰኔ 25 ይወጣል። ለወሎ ሰው የዚህ ወቅት መጀመሪያ በልግ ነው። ጠዋት ይበርዳል። ቀን 6 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ከሰዓት በኋላ ደመናው ይሰበሰብና ይጥላል፤ አንዳንዴ በረዶም ይቀላቅላል። የጥር ልብሳችንን እንዳለ ለብሰን ከወጣን እንቀቀላለን። በካናቴራ ብቻ ከወጣን ደግሞ እስከ 3 ሰዓት ስንንቀጠቀጥ እናረፍዳለን።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የጥሩን ልብስ በሙሉ ቁምሳጥን ውስጥ ይከትና «የምለብሰው የለኝም» ይላል። እኔም እል ነበር። አሁን ግን የማደርገው ሌላ ነው። የወደድኩትን አለባበስ ቀለሙንና ቅርጹን አስቀራለሁ፤ ክብደቱን እቀንሳለሁ። አዲስ ነገር መግዛት የሚያስፈልገው አንዳንዴ ብቻ ነው። አሠራሩን ላሳያችሁ።

መጀመሪያ መንገዱን እወቁት

እኔ የምኖረው ደሴ ነው፤ የምሠራው ኮምቦልቻ። መንገዱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ። 1,000 ሜትር ወደ ታች ስንወርድ ሙቀቱ በአማካይ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ይጨምራል። በሁለቱ ከተሞች መሃል ያለውን የሐረጎን ዳገት ስንወርድ እንግዲህ ወደ 4 ዲግሪ እናገኛለን ማለት ነው።

ቁጥሩ ሲጠሩት ትንሽ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጦ ላየው ግን ትልቅ ነው። ከደሴ ስንነሣ መስታወቱ በትንፋሽ ደፍኗል። ሁሉም እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቷል፤ የሚያወራ የለም። ጠመዝማዛውን ስንያያዘው ጉሙ ከኋላችን ይቀራል። ግማሽ መንገድ ላይ አንዱ ዚፑን ይከፍታል። ቀጥሎ ከፊት የተቀመጠችው ሻርፗን ትፈታለች። ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ «እስቲ መስኮቱን ክፈቱት» የሚል ድምፅ ይሰማል። በአንድ ጉዞ ወቅት ቀየርን።

አንድ ሚያዝያ ላይ ያን ግራጫ ሹራብ እንደለበስኩ ወረድኩ። ከሥሩ ያለው አንገቱ የሰፋ አሮጌ ፓካውት ነበር። ቀን ስብሰባ ተጠራን። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መስኮቱን ፀሐይ ይመታዋል። ሹራቡን ማውለቅ አልቻልኩም። ላቡ በጀርባዬ ሲወርድ፣ የሚባለው አንዱም ጆሮዬ ሳይገባ ስብሰባው አለቀ። መናገር የነበረብኝን ሳልናገር ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማልጥሰው አንድ ሕግ አለኝ፦ ከላይ የሚወልቅ ነገር ሁሉ፣ ከሥሩ ሰው ፊት የሚያስቀርብ ልብስ ይኑረው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

1. የጥሩን አለባበስ አልጋ ላይ ዘርጉት

ማታ አድርጉት። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ እንቅልፍ ሳይለቅ ልብስ አይመረጥም። ካፖርቱን፣ ሹራቡን፣ ሱሪውን፣ ሻርፑን በሰው ቅርጽ ዘርግታችሁ፣ ጫማውን ከሥር አድርጉ። አሁን ራሳችሁን ሁለት ነገር ጠይቁ። የምወደው ምኑን ነው? የሚያሞቀኝ የቱ ነው?

እኔ ስጠይቅ የመጀመሪያው መልስ ቀለሙ ሆነ። አረንጓዴውና የወይን ጠጁ ሲገናኙ ደስ ይለኛል። ሁለተኛው መልስ ሦስት ነገር ነው፦ ካፖርቱ፣ አንገተ ረጅሙ ሹራብና ሻርፑ። የወደድኩትና የሚያሞቀኝ አንድ አይደሉም ማለት ነው። አብዛኛው ሰው ይህን ሲሞክር እንዲሁ ያገኘዋል። ልብስ የምንወደው በቀለሙና በአቋሙ ነው እንጂ በውፍረቱ አይደለም።

2. ከሥር የሚለበሰውን ቀይሩ

ዋናው ለውጥ እዚህ ነው። አንገተ ረጅሙ ሹራብ ይውጣ፤ በእሱ ፋንታ የጥጥ ሸሚዝ ይግባ። ነጭ ወይም የወተት ቀለም ቢሆን እመርጣለሁ። ጥር ላይ ጥቁር በጥቁር መልበስ ያምራል፤ በበልግ ፀሐይ ግን ከፊት አጠገብ ፈካ ያለ ነገር ሲኖር ፊት ይበራል።

ጨርቁ ጥጥ ይሁን። ጥጥ ላብ ይመጥጣል፤ አየር ያስገባል። ፖሊስተር ላቡን ሰውነት ላይ ያስቀረዋል፤ ቶሎም ይሸታል። የሸሚዙን ውፍረት ለማወቅ ሚዛን አያስፈልግም። መስኮት አጠገብ ቁሙና እጃችሁን ከጨርቁ ኋላ አድርጉ። የጣቶቻችሁ ጥላ ጭራሽ ካልታየ ለበልግ ወፍራም ነው። ጣቶቻችሁ አንድ በአንድ የሚቆጠሩ ከሆነ ለቢሮ ሳስቷል። ጥላው ብዥ ብሎ ሲታይ ልኩ ነው።

እጅጌው ረጅም ይሁንና የሚጠቀለል ይሁን። ጠዋት ደሴ ላይ እስከ አንጓ ይወርዳል፤ ቀን ኮምቦልቻ ላይ እስከ ክርን ይጠቀለላል። አጭር እጅጌ ይህን አይሠራም።

3. አንድ ወፍራም ሳይሆን ሁለት ስስ

ጋቢን ያየ ሰው ይህን አያጣውም። ጋቢ አራት ድርብ ነው። የሚያሞቀን ጥጡ ብቻ አይደለም፤ በድርቡ መሃል የሚቀረው አየር ነው። በልብስም ያው ነው። ሸሚዝ ላይ ስስ ሹራብ ሲደረብ እንደ አንድ ወፍራም ሹራብ ያሞቃል፤ ልዩነቱ አንዱን ማውለቅ መቻላችን ነው።

ሹራቡ ፊቱ በቁልፍ የሚከፈት ይሁን። በጭንቅላት የሚወልቅ ሹራብ ሚኒባስ ውስጥ አይመችም። ጎረቤትን በክርን ይመታል፤ ሹሩባ ያበላሻል፤ ሂጃብ ያዛባል። በቁልፍ የሚከፈተውን ግን ተቀምጣችሁም ታወልቁታላችሁ። ሌላው መለኪያ ቦርሳ ነው። ሹራቡን ጠቅልላችሁ የሥራ ቦርሳችሁ ውስጥ ክተቱት። ዚፑ ካልተዘጋ ወፍራም ነው።

ቀለሙን ከጥሩ አለባበስ ውሰዱ። እኔ ሻርፑን ቤት ስተወው የወይን ጠጁ ቀለም እንዳይጠፋ ሹራቤን በዚያ ቀለም አደረግሁት። ባልደረቦቼ «ያው የምትወጂው ለብሰሽ መጣሽ» አሉኝ። በእርግጥ ከጥሩ የቀረው አንድም ልብስ አልነበረም።

ግዴታ መግዛት ካለባችሁ ይህን አንድ ሹራብ ብቻ ግዙ። ሰልባጅ ተራ ትዕግሥት ላለው ሰው ጥሩ ጥሩ ይወጣል። ብብቱን፣ ክርኑንና የቁልፍ ቀዳዳውን ብርሃን ላይ እዩ። ከውስጥ ጽሑፍ ካለው ከመቶ ስንት እጁ ጥጥ እንደሆነ አንብቡ።

4. ካፖርቱን ምን እናድርገው?

ሁለት መንገድ አለ። ቀላሉ ካፖርቱን ቤት ትቶ በተመሳሳይ ቀለም ስስ ጃኬት መልበስ ነው። የጂንስ ጃኬት ወይም ከሸራ የተሰፋ አጭር ጃኬት ይበቃል። አረንጓዴ ካፖርት የሚለብስ ሰው አረንጓዴ የሸራ ጃኬት ቢያደርግ መልኩ አይጠፋም።

ሁለተኛው ልብስ ሰፊ ዘንድ መሄድ ነው። እኔ የሞከርኩት ይህን ነው። ታናሽ እህቴ ያረጀ ካፖርቷን ትታልኝ ነበር፤ እሱን ይዤ ፒያሳ አካባቢ ወደሚሰፉልን ሽማግሌ ሄድኩ። ገበሩን በሙሉ አውጥተው እንዲያሳጥሩልኝ ጠየቅኋቸው። ካፖርቱን ገለበጡና በጣታቸው ስፌቱን ዳሰሱት።

«ልጄ፣ ገበሩን ሙሉ ካወጣሁት ቅርጹን ይጥላል» አሉኝ። «የጀርባውን ላውጣልሽ። የእጅጌውን ግን ተይው፤ እጅሽ ተንሸራቶ የሚገባው በእሱ ነው።»

«እሺ ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉ» አልኳቸው።

ልክ ነበሩ። ሱፍ ያለ ገበር ሸሚዝ ላይ ይያዛል፤ እጅጌው ውስጥ እጅ ማስገባት ትግል ይሆናል። የጀርባው ገበር ብቻ ሲወጣ ግን አየር ይገባል፤ ካፖርቱም በእጅ ሲይዙት የሚለይ ያህል ይቀላል። እናንተም ልትሞክሩት ካሰባችሁ እነዚህን ተጠንቀቁ።

ገበር ሲወጣ የውስጡ ስፌት ይጋለጣል። ጠርዙ በክር ካልተያዘ ወይም በጨርቅ ካልተቀመቀመ ይተረተራል። ይህን ለሰፊው አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ዋጋውም ከዚያ ጋር ይቆረጥ።

ቁመቱን ከመቁረጣቸው በፊት በስፒል ይያዝላችሁ። ከዚያ ቁጭ በሉ፣ ተነሡ፣ እጃችሁን ወደ ላይ አንሡ። ቆማችሁ ብቻ የምትለኩት ቁመት ሚኒባስ ውስጥ ሲቀመጡበት ሌላ ነው። ዳሌ ላይ የሚያርፍ ቁመት ለጂንስም ለቀሚስም ይሆናል።

የተቆረጠውን ጨርቅ ተቀበሉ። ክርኑ ሲሳሳ ለመለጠፍ ይሆናችኋል።

ያላችሁ ካፖርት አንድ ብቻ ከሆነ ግን አትንኩት። ጥር ተመልሶ ይመጣል፤ የደሴ ጥር ደግሞ ቀልድ አያውቅም።

5. ሱሪና ቀሚስ

እዚህ ብዙ ሥራ የለም። ከሥር የምታደርጉት ታይት ይውጣ። የሱፍ ሱሪው በጥጥ ሱሪ ይተካ፤ ቀለሙ ያው ይሁን። የቢሯችሁ ደንብ ከፈቀደ ጂንስ ይሆናል። በተለይ ቅዳሜ ግማሽ ቀን በምንሠራበት ጊዜ ማንም ማንንም አያይም። ጂንስ ሲረጥብ ግን ቶሎ አይደርቅም። ዝናብ የሚያስፈራራበት ቀን ከሆነ ስሱን ሱሪ ምረጡ። ረጅም ጉርድ ለምትለብሱ፣ ጠርዙ መሬት እንዳይጠርግ ሁለት ጣት ከፍ ይበል። በልግ ጭቃ አለው።

6. ጫማ

ፀደይ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ነጭ ሸራ ጫማ ያስባል። ከደሴ ለሚነሣ ሰው አልመክርም። ጠዋት ደርቆ የነበረ መንገድ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ጭቃ ይሆናል። ሸራ ውኃ ያስገባል፤ ካልሲው ይረጥባል፤ ከዚያ ሐረጎን ሽቅብ ስንወጣ እግር ይቀዘቅዛል። ጉንፋን የሚይዘን መስሎን የምናማርረው አብዛኛውን ጊዜ ያን ቀን ነው።

የቆዳ ስኒከር ወይም ዝቅ ያለ የቆዳ ጫማ ይሻላል። ሊስትሮ ጋ ቀለም የተቀባ ቆዳ ቀላል ካፊያ አያስገባም። ሶሉ ጥርስ ይኑረው። የወይን ጠጅ ወይም ቡናማ ከሆነ የጥሩን መልክ ይይዛል።

ከረጠበባችሁ ምድጃ አጠገብ አታድርጉት፤ ቆዳው ይሰነጠቃል። ውስጡን በጋዜጣ ሙሉትና ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ አኑሩት። ጋዜጣው ሲረጥብ ቀይሩት።

7. አንገትና ራስ

ወፍራሙ ሻርፕ ሲወጣ አንገት ባዶ እንዳይቀር። ጠዋት የሚበርደን በመጀመሪያ አንገት ላይ ነው። ስስ የጥጥ ሻርፕ ወይም በእጅ የተሸመነ ፎጣ ይበቃል። ፎጣ ስል እንደ ድሮው ትከሻ ላይ የሚጣለውን ማለቴ ነው። አንገት ላይ አንዴ ዞሮ ከፊት ሲወርድ ከጂንስ ጃኬት ጋር ያለውን ውበት እዩት። ቀን ሲሞቅ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ ፀሐይ ሲበረታ ራስ ላይ ይጣላል፤ ቢሮው ሲቀዘቅዝ ጉልበት ላይ ይሆናል። ነጠላም ያው ነው፤ ነጩ ለመንገድ አቧራ ስለማይመች ብቻ ነው ቀለም ያለውን የምመርጠው።

ሂጃብ የምትለብሱ እህቶቼ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። አብራኝ የምትሠራ ጓደኛዬ ያሳየችኝን ልንገራችሁ። ጥር ላይ ወፍራሙን ታደርጋለች፤ ከላይ ሻርፕ ትደርባለች። በበልግ ሻርፑን ትተወዋለች፤ ሂጃቡን ስስ ጥጥ ታደርገዋለች። ሺፎን ያምራል፤ ግን ይንሸራተታል፤ ነፋስ ሲነሣ ቀኑን ሙሉ ሲያስተካክሉት መዋል ነው። ቀለሙንም የምትመርጠው ከልብሱ ሁሉ በፊት ነው፤ ለፊት የሚቀርበው እሱ ስለሆነ። ከዚያ ሸሚዙና ሹራቡ ለእሱ ይመረጣሉ። እኔም አሁን ከአንገት ጀምሬ ወደ ታች ነው የምመርጠው። ሥራው በጣም ይቀላል።

8. ዝናቡ

ዣንጥላ ያዙ፤ ታጣፊው ቦርሳ ውስጥ ይኑር። ነገር ግን የኮምቦልቻ የከሰዓት ነፋስ ዣንጥላ ይገለብጣል። ስለዚህ ጃኬታችሁ ኮፍያ ቢኖረው ጥሩ ነው። አንድ ባዶ ፌስታል ቦርሳ ውስጥ ጣል አድርጉ፤ የረጠበ ሹራብ ከወረቀትና ከስልክ ጋር አይደባለቅ። መሳቢያ ያላችሁ ደግሞ አንድ ጥንድ ካልሲ ቢሮ አኑሩ። ይህች ካልሲ ስንት ቀን አድናኛለች።

ቀኑ ምን ይመስላል?

ጠዋት 1 ሰዓት፣ ደሴ። ሸሚዝ፣ የወይን ጠጅ ሹራብ ተቆልፎ፣ ያሳጠርኩት ካፖርት፣ ፎጣ አንገት ላይ። ከጉሙ ጋር እኩል ነኝ።

2 ሰዓት፣ ኮምቦልቻ። ካፖርቱ ክንዴ ላይ ነው፤ ፎጣው ተፈቷል።

6 ሰዓት፣ ምሳ። ሸሚዝ ብቻ፣ እጅጌ ተጠቅልሎ። ማንም ቢጠራኝ፣ ስብሰባም ቢመጣ፣ የማፍርበት ነገር የለም።

11 ሰዓት ተኩል፣ መመለሻ። ሹራቡ ይለበሳል። የሐረጎ ዳገት ግማሽ ላይ ካፖርቱም ይመለሳል።

ለወንዶች

ወንድሜ ደሴ ያስተምራል። ጥር ላይ ኮት፣ ከሥር ወፍራም ሹራብ፣ ከሥሩ ሸሚዝ፣ ከሥሩ ፓካውት። በልግ ሲገባ ሹራቡን ብቻ አውጥቶ ኮቱን እንዳለ ይለብስ ነበር። ኮቱ ለሹራቡ ልክ የተሰፋ ስለሆነ ትከሻው ላይ ይንጠለጠልበታል። ወንዶች ላይ በብዛት የማየው ስህተት ይህ ነው። ሹራቡ ከወጣ ኮቱም መለወጥ አለበት። ገበር የሌለው ስስ ኮት ወይም አጭር ጃኬት ይሁን። ሸሚዙ ኮሌታ ይኑረው፤ ከረባት ካልታሰረ የላይኛው ቁልፍ ይከፈት። ከረባት በሌለበት የተቆለፈ ኮሌታ አንገት ያንቃል እንጂ አያምርም። ጫማው ቡናማ ቆዳ ከሆነ ከጂንስም ከሱሪም ይሄዳል።

የወጣውን ልብስ አስቀምጡ

የጥሩን ልብስ በላቡ አታስቀምጡት። ብል የሚወደው ላብና የምግብ ጠብታ ያለበትን ሱፍ ነው። ሹራቡን በለብ ያለ ውኃ እጠቡ፤ አትጠምዝዙት፤ በገላ ፎጣ ጠቅልላችሁ ውኃውን ጭመቁት። ገመድ ላይ አይሰቀል፤ ይለጠጣል። ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግታችሁ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ካፖርቱን በብሩሽ ጥረጉት፤ ኪሱን ገልብጡ፤ አንድ ቀን ሙሉ ነፋስ ይምታው።

እናቴ ከደጋ የመጣውን ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብሱን፣ የምታስቀምጠው እንዲሁ ነው። ፀሐይ ታሳየዋለች፤ ታራግፈዋለች፤ ሲበርድ አጥፋ በንጹሕ አቡጀዴ ትጠቀልለዋለች። ላስቲክ ውስጥ አትከተውም፤ ይታፈናል ትላለች። ካፖርቴንም ባናው አጠገብ ነው የማኖረው። በየወሩ ቁምሳጥኑን ከፍታችሁ አንዴ አራግፉት፤ ክረምት ላይ ሻጋታ እንዳይዘው በተለይ ሐምሌና ነሐሴ አትርሱት።